ከዳርቻ የማትወጣ ጀልባ

ሰውየው ጫማ ይለካ ነበር።

ናዝሬት አጠገቡ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። የሸራ ጫማዋን አወለቀች። ወደ ሰውየው ፊት አላየችም። ከሱቁ ውጪ የሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ተራ እንደወትሮው ይጮሃል። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ሊጥል ነው።

«ይሄ ያጠብቃል» አለ ሰውየው።

«ቆዳ ነው። ሲለመድ ይሰፋል» አለች ናዝሬት።

የይለፍ ቃሉ ተገጣጠመ። ባለሱቁ ሌላ ቁጥር ፍለጋ ወደ ጓዳው ገባ።

ሰውየው ቴዎ ነው። የናዝሬት አዛዥ። በሚሠሩበት የደኅንነት መሥሪያ ቤት የምስጢር መዝገብ ስሙ «ቀዛፊ» ነው፤ የእሷ ደግሞ «መልህቅ»። ናዝሬት የሚለውም ቢሆን እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ለዚህ ግዳጅ ሲባል የተሰጣት ነው። የጀልባ ሞተር ሥራ የተማረችውም፣ እጇ በግሪስ የጠቆረውም፣ በጋሽ ቦጋለ ጋራዥ መካኒክ ሆና የተቀጠረችውም ለዚሁ ነው። ነገሪ የሚባለውን ሰው ለመያዝ።

ነገሪ ሰው አሻጋሪ ነው። ወጣቶችን ከየቦታው ይሰበስባል፤ ቤት ውስጥ ቆልፎ ያቆያቸዋል፤ ከዚያ ከድንበር ማዶ ካለ የባሕር ዳርቻ በጀልባ ጭኖ ወደ ዐረብ ምድር ይሰዳቸዋል። የሚደርሱም አሉ። የማይደርሱ ይበዛሉ። ጀልባዎቹ የሚነሱበት ቦታ ግን በየጊዜው ስለሚቀያየር ማንም ደርሶበት አያውቅም።

«ዕቃው ከጎንሽ ካለው ካርቶን ውስጥ ነው» አለ ቴዎ፣ የጫማውን ክር እያጠበቀ። «የክብሪት ቤት ታክላለች። ሞተሩ የሚጫንበት ሳጥን ውስጥ ደብቂያት። ጀልባዋ ያለችበትን እሷ ትነግረናለች።»

«ነገ ጠዋት ይጫናል።»

«አውቃለሁ። ሌላ ትእዛዝ አለ። ፕሮፔለሩን ቀይሪው። ሃያ ኢንቹን አውጥተሽ ሃያ ሁለቱን አስገቢ። ነዳጅ አብዝቶ እንዲረጭ ፖምፓውንም ክፈቺው።»

የናዝሬት እጅ ጫማው ላይ ቆመ።

«ሞተሩ ይቃጠላል።»

«መሃል ባሕር ላይ። አዎ።»

«ሰው ይጫንበታል፣ ቴዎ።»

«የድንበር ማዶ ወዳጆቻችን ከኋላ ይከተላሉ። ሞተሩ ሲቆም ይደርሱላቸዋል። ነገሪም እጅ ከፍንጅ ይያዛል።»

ናዝሬት ካርቶኑን ወደ ራሷ ሳበች። «እኛ ጋ ምግብ የምትሠራው ልጅ ከሚሄዱት አንዷ ናት። ሌንሳ። እሷን ላስቀራት።»

«አይሆንም!»

በጣም ቶሎ ነው የመለሰው። እሱም ታውቆት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ሰው ከጎደለ ይነቁብናል። ልጅቱ ትሂድ።»

ባለሱቁ ተመለሰ። ቴዎ ጫማውን አልወደደውም። አመስግኖ ወጣ። ናዝሬት ካርቶኑን ከእነ ጫማው ገዝታ፣ ዝናቡ መጣል ሲጀምር ወደ ነፋስ ስልክ አቀናች።

የጋሽ ቦጋለ ጋራዥ በር ላይ «የጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ጥገና» የሚል ጽሑፍ አለ። ውሸት አይደለም። ከፊት ለፊት ጄኔሬተሮች ተደርድረዋል። ከእነሱ ጀርባ፣ በሸራ ከተጋረደው መጋዘን ውስጥ ግን የጀልባ ሞተሮች አሉ። ነገሪ ቦታውን የመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው። «ባሕር በሌለበት ከተማ የጀልባ ሞተር ማን ይፈልጋል?» እያለ ይስቃል።

ስትገባ ሞተሩ እየተፈተነ ነበር። ትልቅ ናፍጣ ሞተር፤ ሲሚንቶ ላይ በብሎን ታስሮ፣ ጉልበቱ እንዲለካ የውሃ ፍሬን ይጎትታል። ጋሽ ቦጋለ ጆሮውን በጨርቅ ደፍኖ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ላይ አፍጥጧል። ከስልሳ ዘልሏል። በወጣትነቱ አሰብ ወደብ ላይ የመርከብ ሞተር ጠጋኝ ነበር። ዛሬም ሲራመድ እግሩን ከፍቶ ነው፤ ወለሉ የሚወዛወዝ ይመስል።

ናዝሬትን ሲያይ ነዳጁን ቀነሰ።

«ጭሱን አየሽው? እዚህ ያጨሳል። አየራችን ስስ ነው፤ ነዳጁን ሁሉ ማቃጠል አይችልም። ቆላ ሲወርድ ግን አየር ይጠግባል፤ ጭሱም ይጠራል። ልጄ፣ ሞተርን እዚህ ባየሽው ብቻ አትፍረጂበት።»

«ፕሮፔለሩስ?»

«ሃያው ልኩ ነው። ጫን ቢሉትም አይታነቅም።»

ፕሮፔለር ሁለት ቁጥር አለው። አንዱ የክንፎቹ ስፋት ነው። ሌላው በአንድ ዙር ውሃውን ገፍቶ የሚራመደው ርቀት። ርምጃው ካጠረ ሞተሩ በከንቱ ይጮሃል። ከረዘመ ደግሞ ሸክሙ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ይግላል። ጋሽ ቦጋለ ሞተርና ፕሮፔለር ሲያጋባ እንደ ሽማግሌ ነው። የሁለቱንም ጠባይ ያጠናል። አይቸኩልም።

ቴዎ ያዘዘው ግን ለፍቺ የሚሆን ጋብቻ ነው። ሁለት ኢንች ብቻ። ጀልባዋ ስትነሳ ማንም አይጠረጥርም። የተከፈተው ፖምፓ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ከዳርቻው ርቀው፣ መሬት ከዓይን ሲሰወር፣ ፒስተኑ ቀልጦ ይጣበቃል።

ወዳጆቻችን ከኋላ ይከተላሉ፣ ብሏል ቴዎ። ናዝሬት ይህንኑ ለራሷ እየደጋገመች ነበር ሌንሳ ሳህን ይዛ የገባችው።

ሌንሳ የላፍቶ ልጅ ናት። አባቷ በንቲ መሬታቸው ቤት ከተሠራበት በኋላ በቀረችው ቁራሽ ላይ ጎመንና ሰላጣ ያመርታሉ። ጠዋት እሱን ትሸጣለች፤ ምሳ ሰዓት ለጋራዡና ለነገሪ ሰዎች ታበስላለች። ነገ ከሞተሩ ጋር ወደ ቆላ ትወርዳለች። ፊቷ በርቶ ነበር።

«ናዚ፣ የመጨረሻ ሽሮዬ ናት። ብዪ። እዚያ ስደርስ እደውልልሻለሁ።»

«አባትሽ ያውቃሉ?»

«ስደርስ ያውቃሉ።» ሳህኑን አቀበለቻት። «ወንድምሽ ግን አንቺን አይመስልም።»

«የቱ ወንድሜ?»

«ጫማ ቤቱ ውስጥ የነበረው ነዋ! ሰላጣ ሸጬ ስመለስ በመስኮት አየኋችሁ፤ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ስታወሩ ወንድሟ ነው አልኩ። ወንድምሽ መሆኑን ባውቅ ያን ቀን ሽሮውን አሳምሬ እሠራለት ነበር።»

«የቱን ቀን?»

«አቶ ነገሪ ቤት ነዋ። ምሳ ሳቀርብላቸው። ሁለቱ እየተሳሳቁ ነበር።»

ሞተሩ ጠፍቷል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«እሱስ አይቶሻል?» አለች ናዝሬት።

«አይቶኛል እንጂ። ስሜንም ጠይቆኛል።»

ናዝሬት ሽሮውን አስቀመጠች።

መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። ከካርቶኑ ውስጥ ቴዎ የሰጣትን ጥቁር መከታተያ አወጣች። በጠፍጣፋ መፍቻ ጠርዟን ፈለቀቀቻት። ክዳኑ ተነሳ።

ባትሪ የለም። ሽቦ የለም።

ክብደት እንዲኖራት የተጨመረ የእርሳስ ቁራጭ ብቻ።

ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ማንም አይከተልም። ማንም አይደርስላቸውም። ተሳፋሪዎቹ በነገሪ ቤት ተቆልፈው የከረሙ ናቸው፤ ነገሪንም፣ ሊጠይቀው የሚመጣውን ቴዎንም ያውቃሉ። ሌንሳ ደግሞ ምሳ አቅርባላቸዋለች። ባሕሩ የሁሉንም አፍ ይዘጋል። አንድ ቀን ቢመረመር እንኳ ፕሮፔለሩን የቀየረው እጅ የእሷ ነው።

አንድ ቁጥር በቃሏ ታውቃለች። በአገልግሎት ዘመኗ አንዴ ብቻ የምትደውልበት። ከደወለች በኋላ ናዝሬት የምትባል ሴት አትኖርም።

ደወለች።

«ማን ልበል?» የአሮጊት ድምፅ። የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

«መልህቅ ነኝ። ቀዛፊ ሸጦናል።»

«ማስረጃ?»

«የሰጠኝ መከታተያ ባዶ ነው። ጀልባዋን መሃል ባሕር ላይ እንድገድል አዞኛል።»

«የምትነሳበትን ቦታ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። የሚያውቁት ነገሪና ሾፌሩ ብቻ ናቸው።»

«እንግዲያው ዛሬ ነገሪን ብንይዝ ግብረ አበሮቹ ቀድመው የወረዱትን ተሳፋሪዎች በሌላ ጀልባ ይጭኗቸዋል። ዳርቻው ላይ የሚጠብቁ አሉ።» ሴትዮዋ ተነፈሱ። «ጄኔሬተር የሚያስጠግን ደንበኛ እልክልሻለሁ። ጭነቱ መሄድ አለበት። እስኪደርስ ድረስ ቴዎ ምንም እንዳይጠረጥር። ሰምተሽኛል? የጠረጠረ ዕለት ነገሪ ቦታ ይቀይራል፤ ሰዎቹም ያልቃሉ።»

«ከእሱ ጋር ልቆይ ነው?»

«ከእሱ ጋር ትቆያለሽ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ደንበኛዋ ከሰዓት በኋላ መጣች። ቆብ ያጠለቀች ወፍራም ሴት፤ ከታክሲ ትንሽ ጄኔሬተር አስወርዳ «ሲነሳ ያስነጥሰዋል» አለች። ናዝሬት የአየር ማጣሪያውን ስትከፍት እውነተኛው መከታተያ እዚያ ነበር። በሱሪ ኪሷ ከተተችው። ሴትዮዋ ዋጋ ተከራክራ፣ ተቆጥታ፣ ጄኔሬተሯን ይዛ ሄደች።

መከታተያው ጀልባዋ የት እንደሆነች ይናገራል። ከሰመጠች በኋላ ግን ምን ይጠቅማል? የድንበር ማዶዎቹ ሰዎች እስኪደርሱ ጀልባዋ ርቃ መሄድ የለባትም። ከዳርቻው መነሳት የለባትም። ናዝሬት ይህን ማድረግ የሚችለውን ሰው ታውቃለች። ዳርቻ ወርዶ ሞተሩን የሚገጥመው ጋሽ ቦጋለ ራሱ ነው።

ሃያ ሁለቱን ፕሮፔለር በጋሪ እየገፋች ስትመጣ ሽማግሌው መንገዷ ላይ ቆመ።

«የት ነው የምትወስጂው?»

«አቶ ነገሪ ቀይሩት ብለዋል።»

«ሃያ ሁለቱ ይገድለዋል። አስተምሬሻለሁ አይደል?» ጋሪውን በእጁ ያዘ። «አንቺ ልጅ፣ ማነሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር። ሥራዋ መዋሸት ነው። ፊቱን አየችው።

«የሚገድሉት ሞተሩን አይደለም፣ ጋሽ ቦጋለ። ሰዎቹን ነው። ሌንሳን ነው።»

ሁሉንም ነገረችው። ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሰማት። አንዴም አላቋረጣትም።

«ዓሣ አጥማጆች ናቸው ይለኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ዓሣ ለማጥመድ ይህን ያህል ጉልበት ምን ይሠራል አላልኩም። አለማወቅ ይሻለኛል ብዬ ተውኩት።»

«ከዳርቻው እንዳትነሳ ማድረግ እንችላለን?»

ሽማግሌው ተነሳ። ግድግዳው ሥር ወደተቆለሉት ፕሮፔለሮች ሄደ። አንዱን በጫማው ጫፍ ነካው።

«ይሄ ሃያ ስምንት ነው። ለፈጣን ጀልባ የመጣ። ስፋቱ እኩል ነው፤ ላላወቀ መንታ ናቸው። ነዳጁን ደግሞ አንከፍተውም፤ እንዘጋዋለን። ባዶዋን በቀስታ ካስኬድኳት ትሄዳለች። ሰው የሞላባት ጊዜ ግን ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ታንቆ ይጠፋል። ደግመው ያስነሱታል፤ ደግሞ ይጠፋል። አሥር ሜትር አትሄድም።»

«ባዶዋን የሚሞክራት ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

ሰው የሞላባት ጀልባ ከዳርቻው ስትቀር ነገሪ ማንን እንደሚጠይቅ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ሌላ መንገድ እንፈልግ» አለች ናዝሬት።

«የለም። ባለሙያ ነሽ፤ ታውቂዋለሽ።» ግራይንደሩን አነሳ። «በይ ያዢልኝ። የመሃሉን ቁጥር እናጥፋው።»

ብልጭታው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሃያ ስምንት የሚለውን ፈቀፈቁት። ጋሽ ቦጋለ የብረት ማኅተሙን ደግኖ በመዶሻ ሁለቴ መታ። ሃያ ሁለት። አዲሱ ቁጥር እንዳያብረቀርቅ ናዝሬት ግሪስና አቧራ ቀባችው።

በማግስቱ የጭነት መኪናው፣ ኤፍ ኤስ አሩ፣ ግቢው ውስጥ ቆመ። ሞተሩ ተጫነ። መከታተያው ከሳጥኑ ጣውላ በታች ነው። ነገሪ በራሱ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ስልክ ያወራል። ከጎኑ ያለው በር ተከፈተ።

ቴዎ ወረደ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢው ውስጥ። በግልጽ።

«የኢንሹራንስ ሰው ናቸው» አለ ነገሪ፣ ቀና ሳይል።

ቴዎ ወደ ፕሮፔለሩ ሄደ። ጎንበስ አለ። በጣቱ ግሪሱን ጠረገ።

ጠረገው።

ደግሞ ጠረገው።

«ሃያ ሁለት» አለ።

«ሃያ ሁለት» አለ ጋሽ ቦጋለ። «ይንደረደራል፣ ጌታዬ። እንደ ንስር!»

ቴዎ ጣቱን በመሐረብ ጠርጎ ለናዝሬት አንገቱን ነቀነቀላት። የሚያደንቃት ይመስል ነበር።

ሌንሳ ጋቢና ውስጥ ሆና እጇን አውለበለበች። ጋሽ ቦጋለ ከአጠገቧ ሊወጣ ሲል ተመልሶ መጣ። የሥራ ጋውኑን አውልቆ ለናዝሬት ሰጣት።

«ቆላ ነው፤ ይሞቃል። አፀደ ብትጠይቅ ቶሎ ይመለሳል በያት።»

አፀደ ሚስቱ ናት። ናዝሬት ጋውኑን አጥፋ ያዘችው። የጭነት መኪናው ወጣ፤ ነገሪም በራሱ መኪና ተከተለው።

መንገዱ ረጅም ነው። ናዝሬት በእነዚያ ቀናት ሥራዋን ሠራች። ጄኔሬተር ፈታች፣ ገጠመች። ቴዎ ይደውላል፤ ትመልሳለች። «ሁሉ ሰላም?» «ሰላም።» ሌሊት ሌሊት ከእንቅልፏ እየባነነች እጇን ታሸታለች። የብረት ሽታ።

ከዚያ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቴዎ ጠራት። መካኒሳ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለ ጁስ ቤት። መንገድ ላይ ሳለች ደግሞ ደወለ። ቦታው ተቀይሯል፤ ከዚያ ወረድ ብሎ ያለ ሌላ ቤት። የተናኘወርቅ ሰዎች እሷ በነገረቻቸው በመጀመሪያው ቦታ ነበሩ። አሁን እነሱን ለመጥራት ጊዜ የለም። ቴዎ በሩ ላይ ቆሞ እያያት ነው።

ገባች። አቮካዶ አዘዘላት።

«ዛሬ ይነሳሉ» አለ። «ጭጋግ አለ፤ በቀን ነው የሚወጡት። ከዚያ ሥራሽ አበቃ። መኪና አዘጋጅቼልሻለሁ። ለጊዜው ከከተማ ትወጫለሽ።»

«ወዴት?»

«ጸጥ ያለ ቦታ።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ነዘረ። አነሳው።

ናዝሬት ድምፁን ሰማችው። የነገሪ ድምፅ ነው፤ ይጮሃል። ከጀርባው ሌላ ጩኸት አለ። የሰው ጫጫታ። የሚነሳና የሚጠፋ ሞተር። ይነሳል። ይታነቃል። ይጠፋል። ይነሳል። ይታነቃል።

የቴዎ ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ። ስልኩን ዘጋ። ናዝሬትን አያት።

«ስንት ኢንች ነው ያደረግሽው?»

ጁሱን አልነካችውም።

«ናዝሬት። ስንት ኢንች?»

«ሃያ ስምንት።»

ከጃኬቱ ሥር የሽጉጥ አፈሙዝ ብቅ አለ። ሌላ ሰው አላየውም።

«ተነሺ። ፈገግ በይ። ወደ መኪናው።»

ወጡ። አፈሙዙ ጎኗ ላይ ነው። መንገዱ ተጨናንቋል፤ ታክሲዎች ተቆላልፈዋል፤ ሰው በጭቃው መሃል ይጋፋል። መኪናው ከፊታቸው ነው። የኋላ በሩ ተከፍቷል። ውስጥ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

እዚያ ከገባች አትወጣም።

ስድስት እርምጃ ያህል ቀርቷታል። የተማረችውን ሁሉ አሰበች። የክንድ ጥምዘዛ፣ የምልክት ቃል፣ የማምለጫ መንገድ። አንዱም አልመጣላትም። የመጣላት የሰፈር ነገር ነው።

የቴዎን እጅ አፈፍ አድርጋ ጮኸች።

«ሌባ! ሌባ! ቦርሳዬን!»

ተኩሱ ፈነዳ። ግራ እጇ ላይ እሳት ተሰማት። ወደቀች።

መካኒሳ ግን ሰምታለች። ረዳቶች ከታክሲ ዘለሉ። የቆሎ ሻጯ ወንበሯን ወረወረች። ቴዎ ሽጉጡን ሊያነሳ ሲል አንዱ ከኋላ አንገቱን አነቀው። «የመንግሥት ሰው ነኝ! ልቀቁኝ! መታወቂያ አለኝ!» እያለ ጮኸ።

«ሌባ ሁሉ መታወቂያ አለው!» አለው አንድ ወያላ።

መኪናው በሩ እንደተከፈተ ሸሸ። የተናኘወርቅ ሰዎች ተኩሱን ሰምተው ሲደርሱ ቴዎን ጭቃ ላይ በፊቱ ተደፍቶ፣ በገዛ ቀበቶው ታስሮ አገኙት። ናዝሬት ግንብ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። አንዲት የማታውቃት ሴት ነጠላዋን ቀዳ እጇን አስራላታለች።

«ጀልባዋስ?» አለች ናዝሬት። አንዱ ደግፎ ወደ መኪና አስገባት።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሆስፒታል መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ጸጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ናዝሬት በአካል ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነው።

«ከዳርቻው አልተነሳችም» አሉ። «ወዳጆቻችን ሲደርሱ ሰዎቹ ወርደው አሸዋው ላይ ነበሩ። ሁሉም በሕይወት አሉ። ነገሪም የአሻጋሪዎቹ አለቆችም ተይዘዋል። ሌንሳ ሁሉንም እየተናገረች ነው። ቴዎን ገና በፎቶ ስታየው ነው የለየችው።»

«ጋሽ ቦጋለስ?» አለች ናዝሬት።

«ሽማግሌው» አሉ ሴትዮዋ። «ሞተሩ ሲጠፋ የነገሪ ሰዎች ፕሮፔለሩን እይ አሉት። ነዳጁ ውሃ ገብቶበታል ብሎ አታለላቸው። ማጣሪያውን ፈታ፤ አጠበ፤ መልሶ ገጠመ። ደግሞ ፈታ። ወዳጆቻችን እስኪታዩ ድረስ እንዲህ አደከማቸው። ሌንሳ ናት የነገረችን። ከዚያ ገባቸው። ሁለት ጥይት ነው። ወዲያው ነው ያረፈው።»

ናዝሬት ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ሁለት ጣትሽ አይመለስም» አሉ ተናኘወርቅ በኋላ። «መካኒክነቱ አበቃ። አዲስ ስም ተዘጋጅቷል። ወደ ነፋስ ስልክ እንዳትመለሺ። የነገሪ ዘመዶች እየፈለጉሽ ነው።»

«ለቅሶው መቼ ነው?»

«አትሄጂም።»

«መቼ ነው ብዬ ነው የጠየቅሁት።»

ሴትዮዋ ተነሱ። ከመውጣታቸው በፊት ግን የድንኳኑን ሰፈር ነገሯት።

አስከሬኑ መጥቶ በተቀበረ ማግስት ሄደች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ፣ የተጠቀለለ እጇን ከሥሩ ደብቃ። ድንኳኑ ጠባብ መንገድ ላይ ተተክሏል። የዕድር ወንበሮች ሞልተዋል። ከሰዎቹ መሃል የጋራዡን ጎረቤቶች ለየቻቸው። ማንም አልለያትም። የሚያውቋት በቱታ ነው።

አፀደ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል፤ ትንሽ ሴት ናቸው። ናዝሬት ጎንበስ ብላ «እግዜር ያጥናዎ» አለች። መሄድ ይገባት ነበር። አፀደ ግን ጤነኛ እጇን ይዘው አልለቀቁም።

«ማን ልበል፣ ልጄ? ከየት ታውቂው ነበር?»

በዙሪያዋ የተቀመጡ የብዙ ሰዎች ዓይን ዞረባት። በአፏ ላይ እውነቱ ነበር። በሕይወት ያሉት ሁሉ በእሱ ነው ማለት ፈለገች። ሞተሩን ደጋግሞ የፈታው ለእነሱ ነው ማለት። አብሬው ግራይንደር ይዤ ነበር ማለት።

«አንድ ጊዜ ሞተር ሠርቶልኝ ነበር» አለች።

«በደንብ ሠራልሽ?»

«በደንብ፣ እማማ። ከሱ የተሻለ የሚሠራ የለም።»

አፀደ እንባቸውን ጠረጉ። በሐዘናቸው መሃል ኩራት ፊታቸው ላይ አለፈ። እጇን ለቀቁላት።

ናዝሬት ከድንኳኑ ወጣች። ዝናቡ አባርቷል። ሰው ከሥራ እየተመለሰ ነበር፤ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ነጠላዋን አስተካክላ መሃሉ ገባች። ጥቂት እንደሄደች አንድ ሰው ከኋላዋ «ናዝሬት!» ብሎ ተጣራ፤ ምናልባት ሌላ ናዝሬትን ይሆናል።

አልዞረችም።